አሮጌ ላንድክሩዘር ላላችሁ፦ ሳሪስ ያሉትን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ

ምስጋናዬን ለራሳቸው በአካል አድርሻለሁ። እዚህ የምጽፈው ሌላም ሰው እንዲጠቀምባቸው ነው። አሮጌ ስቴሽን ዋገን ይዛችሁ «ትንሽ ከፍ አድርጌው፣ ጎማ ቀይሬለት፣ አስፋልት ያልደረሰበት ልሂድበት» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄ አውቃለሁ። ደግሞስ ምን ምርጫ አለን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባቱ ራሱ ተከለከለ። እንግዲህ ያለንን አድሰን መንዳት ነው። አድሳለሁ የሚል ጋራዥ ሞልቷል፤ የሚያውቅ ግን ስንት አለ?

ጋሼ ሳሪስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ታፔላ የሌላት ጠባብ ግቢ አላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ሠፈሩ ሁሉ እንደሚጠራቸው ጋሼ ብቻ ብዬ አልፋለሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቶዮታ ሥር ተኝተው ነው። ሁለት ልጆች በረዳትነት አሏቸው፤ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው፣ ቡሎን ሲፈቱ በጣሳ ለይተው ያስቀምጣሉ። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የእኔ መኪና 60 ሲሪስ የሚባለው ላንድክሩዘር ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ያመረተው። የእኔው የ1986 ምርት ሲሆን ሞተሩ ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ 2ኤች የሚባለው፣ ወደ 4,000 ሲሲ የሚጠጋ ነው። ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ የብረት ቅጠሎች ላይ የተቀመጠ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነካውም። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ያለው።

ወደ ጋሼ ከመሄዴ በፊት ሌላ ቦታ «ሊፍት» (መኪናውን ከመሬት ከፍ ማድረግ) ተሠርቶለት ነበር። የሠሩት ነገር ቢኖር የፊት ባሌስትራውን የሚያንጠለጥለውን ሻክል በረጅም መቀየር ነው። ዋጋው ቀላል፣ ሥራው ፈጣን፣ መኪናውም ሲያዩት ቁመናው ያምራል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን መሪው አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው ሆነ፤ ካዞርኩት በኋላ ራሱ አይመለስም፣ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ መኪናው ግራና ቀኝ ይፈልጋል። «ጎማው ነው፣ ባላንስ አሠራው» ተባልኩ። አሠራሁት። ምንም ለውጥ የለም።

ጋሼ መኪናውን ሜዳ ላይ አስቁመው ከጎን ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ከፍ አላደረጉልህም፤ አፍንጫውን ቀና አደረጉት እንጂ» አሉኝ። የዚህ መኪና የፊት ሻክል የሚገኘው በባሌስትራው የፊት ጫፍ ላይ ነው። እሱ ሲረዝም ባሌስትራው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው አክሱልም አብሮ ይዞራል፤ መሪው ቀጥ ብሎ እንዲመለስ የሚያደርገው ካስተር የሚባለው ማዘንበል ይጠፋል። መሬት ላይ በጠመኔ ሥለው ነው ያስረዱኝ። ረጅሙን ሻክል አውጥተው ጣሉት፤ ጣሉት ስል በሶስት እጥፍ ጨርቅ ጠቅልለው ለእኔው መለሱልኝ፣ «የገዛኸው ዕቃ ነው» ብለው።

እኔ ስለ ከፍታ ልነጋገር ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ከፍታ የሚባል ወሬ መስማት አልፈለጉም። የፊት ጎማዎቹን አስወልቀው ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ከፈቱ በኋላ መሪ የሚዞርበትን ክብ ቤት ከፍተው አሳዩኝ። ጣታቸውን ከተው አወጡ፦ ወፍራም መሆን የነበረበት ግራሶ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ በጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ዘይት የሚያግደው የውስጠኛው ኦይል ሲል ስላለቀ በአክሱሉ ውስጥ ያለው የዲፈረንሻል ማርሽ ዘይት እየሾለከ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ኩሽኔታዎቹን በናፍጣ አጥበው ብርሃን ላይ አዞሩልኝ፤ ጽዋው (ውጪኛው ቀለበት) ላይ ተርታ የተሰለፉ ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ይታያሉ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የኖረበት ምልክት ነው፤ መሪው መሃል ላይ የሚጎረብጠኝ ለካ በዚህ ምክንያት ነው። «በዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ብትሰካ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሄደን አብረን ገዛን። ይህ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አስመስሎ የተሠራውንና ዋናውን ኩሽኔታ ከማሸጊያው ሳይሆን ከራሱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይለያሉ፤ ነጋዴዎቹም ያውቋቸዋል፣ ቀልድ የለም። ያገለገለ ነገር የሚገዛበትንና ፈጽሞ የማይገዛበትን ለይተው ነገሩኝ፤ በር፣ መስታወት፣ የሻፍት ቱቦ ያገለገለ ይሁን፤ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ኦይል ሲልና ክሮቸራ (የሻፍቱ መገጣጠሚያ) ግን አዲስ ካልሆነ አይነኩም። ገንዘቡን ለባለሱቁ የከፈልኩት እኔው ነኝ። ከእሳቸው ጋር የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የተነጋገርነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባሌስትራው የመጣነው። ሙሉውን አውርደው ቅጠል በቅጠል በተኑት። ከኋላ በኩል ዋናው ቅጠል፣ ልክ መሃል ቡሎኑ አጠገብ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረበት። ጭነት ይዤ ጉድጓድ ብመታ መንገድ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። አዲስ ቅጠሎች ተገዙ፤ በባሌስትራው ጫፍ የሚገባው ቦኮላም ተቀየረ። መኪናው አሁን ከቀድሞው 5 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። እኔ አሥር ፈልጌ ነበር። «አሥር ከፈለክ ሻፍቱም፣ የመሪው ዘንግም፣ የፍሬን ቱቦውም ሌላ መሆን አለበት፤ ገንዘብ ተርፎህ ከሆነ ንገረኝ» አሉ። ለአምስቱ ሴንቲሜትር እንኳ በፊት አክሱልና በባሌስትራው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ቶርኖ ቤት አስቆርጠው ካስተሩን መለሱት። አሁን መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ራሱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሊፍት ያሠሩ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ መኪና ላይ ተረስቶ አይቻለሁና። በዚህ መኪና ኋላ፣ ጭነት እየለየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። ከሻንሲው (መኪናው ከተቀመጠበት የብረት አጥንት) ወደ አክሱሉ በሚሄድ ቀጭን ዘንግ ነው ጭነቱን የሚያውቀው። መኪናው ሲጫን ቂጡ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ የኋላ ፍሬን ይጠነክራል። ሊፍት ስታሠሩ ታዲያ ምን ይሆናል? ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ያስባል፤ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የኋላ ፍሬኑ ይሳሳል፣ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ያርፋል። ጋሼ በሻንሲው በኩል ያለውን ማሰሪያ በዚያችው አምስት ሴንቲሜትር ልክ ዝቅ አድርገው አስተካከሉት። የፈጀው ሁለት ቡሎንና አንድ ቁራጭ ላሜራ ነው። ሊፍት ያሠራችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ከሥር ገብታችሁ እዩት።

ጎማ ላይ ተከራክረናል። እኔ ፎቶ ላይ የማየውን ሰፊ ጎማ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው 7.50 በ16 (በኢንች፣ የጎማው ስፋትና የቸርኬው ልክ) ካልሆነ አሉ፤ ቀጭንና ረጅም፣ የድሮዎቹ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች የሚሄዱበት። ሰፊው ጎማ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ ቆርጦ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፤ ይህ አንዱ ክርክራቸው ነው። ሁለተኛው ግን አሳመነኝ፦ ጎባም ሆነ ጂንካ ላይ ቢፈነዳብህ ያለው ጎሚስታ የሚያውቀው፣ ሱቁም የሚኖረው ይሄ ልክ ነው። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ስላለው ግን ነፋሱን እንደ ልብ ማጉደል አይቻልም፤ በጣም ከቀነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የከመነዳሪውን ቫልቭ ይቆርጠዋል። አሸዋ ላይ ለሚነዳ ይህ ጉድለት ነው፤ እኔ አሸዋ ብዙም ስለማይገጥመኝ ተቀበልኩት።

እንቢ ያሉኝን ብቻ ብዘረዝር ይህ ጽሁፍ አያልቅም። ወደ ጣሪያ የሚወጣውን የሞተሩን የአየር ማስገቢያ ቧንቧ እንቢ አሉ፤ «መጀመሪያ የፊልትሮ ቤቱን ጎማ እንቀይር፣ አቧራ በየት እንደሚገባ አየህ?» ብለው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ጀሪካን ውሃ መጫንም አይሆንም፤ ክብደት ወደ ወለሉ ይውረድ። መኪናው ጉልበት እንዲኖረው የናፍጣ ፖምፓው ትንሽ ይከፈት (ብዙ ናፍጣ ይስጥ) ስላቸው ደግሞ ተቆጡ፦ «ጭስ እንጂ ጉልበት አትጨምርም።» ያልጠየቅኳቸውን ግን ሠሩልኝ። የሁለቱንም ዲፈረንሻሎች መተንፈሻ በጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ኮፋኖው ሥር አወጡት። የጋለ አክሱል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባገኘው ቀዳዳ ውሃ ይስባል፤ መተንፈሻው ደረቅ ቦታ ከሆነ ግን የሚስበው አየር ነው። ዋጋው የቱቦው ብቻ ነበር፣ ለእጃቸውም አልቆጠሩብኝም። መጎተቻውንም ከባምፐሩ አውርደው በሻንሲው ላይ በወፍራም ቡሎን አሰሩት።

የሠሩትን የፈተንኩት ባሌ ላይ ነው። በዶዶላና በሮቤ አልፈን ከጎባ ወደ ሰነቲ ወጣን፣ ከዚያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። በዝቅተኛው ፎርዊል ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ትንሽ እያጨሰ ወጣ። ፖምፓው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚያጨሰውን ማሰብ ነው። ከሰነቲ ወደ ሪራና ወደ ሀረና ጫካ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃና ሰው ሞልተን ነበር የወረድነው፣ ፍሬኑ አንድም ጊዜ አልሸተተም፣ መኪናውም ወደ ጎን አልሳበም። ጫካው ውስጥ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከዶሎ መና በፊት ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን የገባንበት ጭቃ ላይ አብረውን የነበሩ ባለ ሰፊ ጎማዎች ቆመው ነበር። ጎትተን አወጣናቸው። ስንመለስ ጋሼ ሁለቱንም ዲፈረንሻሎች ቡሽ ከፍተው ዘይቱን አዩት፤ ውሃ ያልገባው፣ የነበረው ቀለም ላይ ያለ ዘይት ነው። የዓመቱንም ምርመራ አልፎ ቦሎ ተለጥፎለታል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር፤ ሰው ሄዶ እንዳይወቅሰኝ። ጋሼ ቀጠሮ አያከብሩም። «ሐሙስ ና» ካሉ የየትኛው ሳምንት ሐሙስ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ መኪና ላይ ከገቡ ስልክ አያነሱም፤ ከረዳቶቹ ትልቁ ያነሳል፣ እሱን አናግሩ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መኪናችሁ ውጭ የሚያድርበት ቀን አለ፣ ጥበቃ ግን አለ። ባትላሜራና ቀለም አይሠሩም፤ የጣሪያዬን ዝገት ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁት። ሊብሬው ላይ ያልተጻፈ ሞተር ግጠሙልኝ የሚላቸውንም አይሰሙም፤ መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርስ ይላሉ።

ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ውድም አይደለም። የዕቃው ደረሰኝ ከነአሮጌው ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይሰጣችኋል። ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ስትደውሉ መኪናው ምን እንደሆነና ምን እንደሚሰማው ብቻ ንገሩ እንጂ «ሊፍት» በሚለው ቃል አትጀምሩ። ኒሳን ፓትሮልና የድሮ ላንድሮቨርም ይቀበላሉ። ኮምፒውተር ያለበትን መኪና ግን በር ላይ ነው የሚመልሱት፣ የማን ሰው ነህ ብለው አይጠይቁም።