ስለ ካማሮዋ እውነቱን ለነገሩኝ አዛውንት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ አካባቢ ሆናችሁ አሮጌ የአሜሪካ መኪና፣ መስል ካር የሚባለውን፣ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ነው። እኔ የተቃጠልኩትን እናንተ እንዳትቃጠሉ። ደግሞም በአደባባይ ላመሰግናቸው የሚገባኝ አንድ አዛውንት አሉ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዲቪ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ያለፋችሁበት ነው። ዓርብ ዓርብ አንድ ደንበኛ ካማሮ በምትባል የ1969 የሸቭሮሌ መኪና ይመጣል። ምድር ቤቱ ውስጥ ስትገባ ድምጿ ደረቴ ላይ ነበር የሚሰማኝ። አንድ ቀን ቁልፉን ሰጠኝና «ቀስ ብለህ አቁማት» አለኝ። ከመግቢያው እስከ ማቆሚያዋ ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ያቺ ሠላሳ ሜትር ግን ከልቤ አልወጣችም። ልጆች አሳደግን፣ ቤት ገዛን፣ አገር ቤት ያሉትን ረዳን፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ባለቤቴ ራሷ «በቃ ግዛና ይውጣልህ» አለችኝ።

የፈለግኋት ዜድ 28 የምትባለውን ነው። ሸቭሮሌ ትራንስ-አም ለሚባለው ውድድር ብሎ ያወጣት መኪና ናት። ውድድሩ ሞተሩ ከ5 ሊትር እንዳይበልጥ ስለሚያዝ 302 ኪዩቢክ ኢንች፣ ከ5 ሊትር ትንሽ የሚያንስ ሞተር ገጠሙላት፤ ማርክ ዶናሂው የሚባለው የእሽቅድምድም ነጂ በ1968 እና በ1969 በካማሮ አሸነፈ። በ1967 የተሠሩት 602 ብቻ ነበሩ፣ በ1969 20,302 ደረሱ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አካሏ ከተራዋ ካማሮ ጋር አንድ ነው። ኮፈኗ ላይ ሁለት ሰፋፊ መስመር ቀብቶ ምልክቱን የለጠፈ ሁሉ ዜድ 28 ናት ብሎ ሊሸጥ ይችላል። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

አባቴ አዲስ አበባ የሰይቼንቶ ታክሲ ነጂ ነበር። መኪና ሲገዛ ሊብሬውን በእጁ ይዞ ሻንሲ ቁጥሩንና ሞተር ቁጥሩን ያመሳክራል፣ ከገጠመ አለቀ። እኔም በዚያ ሒሳብ ነው የገባሁት። እዚህ ግን ታይትሉ ላይ የሞተር ቁጥር የለም። የሻንሲ ቁጥሩም ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኗንና የትኛው ፋብሪካ እንደተሠራች ይናገራል እንጂ ዜድ 28 ትሁን አትሁን አይናገርም። ፖንቲያክ ቢሆን ወይም የ1967ና ከዚያ ወዲህ ያለ ፎርድ ቢሆን የፋብሪካውን መዝገብ ከፍሎ ማስወጣት ይቻላል። ካማሮ ላይ ግን ካናዳ ለተሸጡት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። የሚያውቅ ሰው ዓይን ያስፈልጋል።

እኔም የሚያውቅ ያልኩት ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ትልቅ ጋራዥ ነው፣ ግድግዳው በፎቶና በዋንጫ የተሞላ። ልገዛ ያሰብኳትን መኪና ሙሉ ቀን ይዘው አዋሏት፣ 450 ዶላር ተቀበሉኝ፣ «ትክክለኛ ዜድ 28» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰጡኝ። በዚያ ወረቀት ተማምኜ ለሻጩ 3,000 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ በስልክ 200 ዶላር ተቀብሎኝ ሦስት መስመር መልእክት ልኮልኝ የጠፋ ሌላ «ባለሙያ» ነበር። ጋራዡ ውስጥ ጥያቄ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ በትከሻቸው ነው። አነጋገሬን ሰምተው፣ መልኬን አይተው፣ ይሄ ምን ያውቃል ያሉኝ ይመስለኛል። ይህ ከገንዘቡ በላይ ያማል።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው «ቀሪውን ከመክፈልህ በፊት ለእኚህ ሰውዬ ፎቶ ላክላቸው» ያለኝ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ካርላይል፣ ያ ትልቁ የአሮጌ መኪና ገበያ የሚቆምበት ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በካማሮ ያሳለፉ። ማታ ላክሁላቸው። ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ደወሉ። «ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ላሜራ ተመልከት» አሉኝ። «ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ኤርኮንዲሽን ነበራት። ዜድ 28 በኤርኮንዲሽን ተሠርታ አታውቅም።» በቃ። ጋራዡ ቀኑን ሙሉ ይዞ ያላየውን እሳቸው በስልክ ፎቶ አዩት። ሳንቲም አልጠየቁኝም። ቀብዴ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጋራዡም «ወረቀቱ ላይ ያለው የግል አስተያየታችን ነው» ብሎ አሰናበተኝ።

ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ፍሬደሪክ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ብርቱካናማ ካማሮ አገኘሁ፣ እሷም ዜድ 28 ተብላ የምትሸጥ። ያን ጊዜ አልተንቀሳቀስኩም። ቀጥታ ለእሳቸው ደወልኩ። የካቲት ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በራሳቸው መኪና መጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡ።

የሠሩትን ሁሉ አስረዳለሁ ብል እዋሻለሁ፣ ግማሹ አልገባኝም። በመስታወትና በባትሪ ነው የሚሠሩት። ከኮፈኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳህን አነበቡልኝ፦ በመጋቢት 1969 ሁለተኛ ሳምንት ኦሃዮ ኖርዉድ ፋብሪካ የተሠራች፣ ስትወለድ ደማቅ አረንጓዴ። ሳህኗ ላይ ኤክስ 44 የሚል አለ፤ ይህ የተራ ካማሮ ምልክት ነው። ያን ጊዜ ኖርዉድ ውስጥ የምትሠራ ዜድ 28 ቢሆን ኤክስ 33 ወይም ኤክስ 77 ይል ነበር። ከዚያ ሞተሩ ላይ ቁጥር የተመታበትን ቦታ አሳዩኝና «ጣትህን አድርግበት» አሉኝ። እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ፋብሪካው የሠራው ከሆነ የማሽን ጭረት በስሱ ይታይበታል። አንድ ሰው ፍቆ እንደገና መትቶታል ማለት ነው። ሞተር ብሎኩ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የዚያው ዓመት ነሐሴ ይላል። በመጋቢት የወጣች መኪና በነሐሴ የተሠራ ሞተር ከየት ታመጣለች?

ይህን ሁሉ ሲያሳዩኝ እጄን ይዘው ነበር። «እዚህ ጋ ንካ፣ እዚህ ጋ እይ።» ካልገባኝ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድም ጊዜ አልቸኮሉብኝም።

ግን እስከ ዕድሜዬ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ሻጩ መኪናዋን ያገኘው ከሟች ወንድሙ ነበር፣ እሱም እውነተኛ ዜድ 28 መሆኗን አምኗል። ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ቁጣ ጀመረ። አዛውንቱ ኮፍያቸውን አወለቁና ቀረብ ብለው «ወንድምህ ዋሽቶሃል እያልኩ አይደለም። እሱም የነገሩትን አምኖ ነው የገዛት። በደንብ ይዟታል፣ ከሥሯ አይቻለሁ፣ ዝገት የለባትም፣ ስቱኮም አልተጫነባትም» አሉት። ሰውየው ዝም አለ። ወደ ቤት ገብቶ ቆይቶ ተመለሰ፣ ወንድሙ ከመኪናዋ ጎን የቆመበትን ፎቶ ይዞ። ሦስታችን በብርድ ቆመን ፎቶዋን አየን። አባቴ ከሰይቼንቶው ጎን ቆሞ የተነሣው አንድ ፎቶ አለኝ፣ አቋቋማቸው ሳይቀር አንድ ነው። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሐሰቱ ያለው ዋጋዋ ላይ ነው፣ መኪናዋ ደህና ናት። ከወደድካት የተራ ካማሮ ዋጋ ስጥና ውሰዳት» አሉኝ። ሻጩም ተስማማ፣ ከጠየቀው ሲሶውን ቀነሰ። ገዛኋት። ዛሬ ቤቴ ናት። ማንም ሲጠይቀኝ ዜድ 28 ናት አልልም፣ ተራ ካማሮ ናት፤ ልቤ ግን ሙሉ ነው፤ ያቺን ሠላሳ ሜትር አሁን በፈለግኩ ጊዜ እነዳለሁ።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ ያ ጋራዥ ከወሰደው ግማሹን ነው። የነዳጅ ልጨምር ብላቸው እምቢ አሉ። ባለቤቴ የላከችውን ድፎ ዳቦ ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል፣ የቱንም ያህል ወረቀት ቢያሳያችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን ሰው አማክሩ። ሸቭሮሌና ፖንቲያክ ያውቃሉ፤ ስለ ፎርድ ስጠይቃቸው «ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ» ብለው ወደ ሌላ ሰው መሩኝ፤ ይህም ያኮራኛል። እደግመዋለሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ስትደውሉ የሞተሩን፣ የሳህኗንና የላሜራውን ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩላቸው። እሑድ ስልክ አያነሡም፣ ሰኞ ጠዋት ግን ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ።