ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁ ምን ይሠራል?

ሜሪላንድ ውስጥ ክፍያ ላይ በሚሠራ አነስተኛ ስታርትአፕ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ስለዚህ አገር ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሰው እንዴት እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚከፈለው ላይ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ሰፈር እናቴ ዘንድ ሰንብቼ ተመልሻለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ይጠቀምበት ብዬ የሞከርኳቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው እነግራችኋለሁ።

ስለ በረራው ብዙ አልልም። ከዋሽንግተን ሲሄድ ቀጥታ ነው፤ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አውሮፕላን ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ይዛችሁ የምትመለሱ ከሆነ ይህን አስባችሁ ትኬት ቁረጡ።

እንደገባችሁ መጀመሪያ ሲም ካርድ አውጡ። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮምም አለ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09፣ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። እኔ በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያ የሆነውን ቴሌብርን ስለፈለግሁ የኢትዮ ቴሌኮምን አወጣሁ። የአገር ውስጥ ቁጥር የሌለው ሰው አዲስ አበባ ላይ እጁ የታሰረ ያህል ነው።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። አሁን ሰፈር ውስጥ የት እንደገባ ለማየት የእናቴ ጎረቤት ሱቅ ይበቃል። የባለሱቁ ቁጥር ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ተለጥፏል። እንቁላልና ስኳር ገዛሁና ገንዘቡን በቴሌብር ላክሁለት። ስልኬን ላሳየው ስል ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ «ስክሪንሾት አልቀበልም፣ እህቴ» አለኝ። ከደረት ኪሱ ባለ ቁልፍ ስልኩን አወጣ፣ ከ127 የሚመጣውን መልእክት ጠበቀ፣ የገንዘቡን መጠን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበና «ገብቷል» ብሎ ፌስታሉን ሰጠኝ።

እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ባለሱቁ ኢንተርኔት የለውም፣ አፕ አልጫነም፤ ሒሳቡን ማየት ሲፈልግ *127# ይደውላል። እኛ አሜሪካ አንድ ነገር ስንሠራ ሁሉም ሰው አዲስ ስልክ ይዞ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ እንደሚጠቀም አድርገን ነው የምንነሳው። አገር ቤት ግን ማረጋገጫው የሚደርሰው ማወቅ ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ የሚደርሰውም እጁ ላይ ባለው ስልክ። ከዚህ የተሻለ የምርት ንድፍ በሥራዬ ብዙ አላየሁም።

የታክሲ መጥሪያው ራይድም ያስደሰተኝ በዚሁ ምክንያት ነው። እናቴ አፑን አታውቀውም፤ 8294 ላይ ደውላ ከየት ወዴት እንደምትሄድ ትናገራለች፣ መኪናው ይመጣል። እኔ በአፑ ስጠራ ደግሞ ካርታው ላይ ያደረግሁት ምልክት ከግቢያችን ጀርባ ካለው አጥር ላይ አረፈ። ሹፌሩ ደወለ፣ «የት ጋ ነሽ?» እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። «የኔ ልጅ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ስትል ወፍጮ ቤት አለ፤ እሱን አልፈህ ሰማያዊውን በር ታያለህ፤ ልጄ በሩ ላይ ትቆምልሃለች።» «እሺ እማማ» አለ፤ ወዲያው ደረሰ።

ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን የስልክ ጥሪ የካርታው ጉድለት ይሉታል። አልስማማም። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይነገርበት ከተማ ቤተ ክርስቲያኑና ወፍጮ ቤቱ ናቸው አድራሻው፤ ጥሪውም የአገልግሎቱ አካል ነው። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡን ያመነጨችው ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ያስቸግራት ስለነበር ነው። ማታ ሃያ ሁለት ከሚባለው ሰፈር ወደ ሳሪስ ብቻዬን ስመለስ የሹፌሩ ስምና ታርጋ እናቴ ዘንድ መኖሩ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ሴት የሆነች ታውቀዋለች። በነገራችን ላይ፣ ጥር 2016 ዓ.ም ላይ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ እኔንም ደጋግመው ያመላለሱኝ እነሱ ናቸው። ሹፌሮቹ የነዳጅ ሰልፍ ስለቀረላቸው ደስተኞች ናቸው።

አሁን ወዳስከፋኝ ልምጣ። የአንድ ባንክ አፕ የማረጋገጫ ኮዱን ወደ አሜሪካ ቁጥሬ ልኬያለሁ ይላል፤ ኮዱ ግን አይደርስም። ቁጥሩን ለማስቀየር ቅርንጫፍ ሄድሁ። «ሲስተም የለም» ተባልን። የጡረታ ደብተራቸውን የያዙ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቁ መልስ የሰጣቸው የለም። ሲስተም በየትም አገር ይወድቃል፣ የእኛም ይወድቃል። ሲወድቅ ግን መጀመሪያ የምናደርገው ለደንበኛ መንገር ነው። «እስከ ስምንት ሰዓት አይመለስም» የሚል አንድ ወረቀት በሩ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ከሰዓት በኋላውን እዚያ ባላሳለፈ። ይህ የገንዘብ ችግር አይደለም፣ ሰውን የማክበር ጉዳይ ነው።

የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የምትቆርጡም አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ ሀዋሳ የቆረጥሁት ትኬት ላይ 11:30 ይላል፤ ጠዋት ይሁን ማታ፣ በሀገር ቤት አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አይልም። ደውዬ ስጠይቅ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለአፕ ሠሪዎቹ የምለምነው አንድ ነው፤ ኮዱን በኢሜይልም ላኩልን። ውጭ ያለነው ቁጥራችን የውጭ ነው፣ ወላጆቻችን ግን እዚያው ናቸው፤ የመብራታቸውን ሒሳብ ከዚህ ሆነን መክፈል እንፈልጋለን። ለባለ ቁልፉ ስልክ መንገድ ያገኙ ልጆች ይህ አያቅታቸውም።