ጠባሴ ላሉት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሰላም የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜ የሠራት መኪና ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። በዚያ ብርድ ጋቢ ደርበን ግቢያችን ውስጥ ቆመን ሰማነው። እናቴ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ። ያንን ሞተር የመረጡልንን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ወንድሜ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቀው። ተማሪ እያለ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞታል፤ በራሱ እጅ ቀላል የውድድር መኪና መሥራት። ሰሌዳ ወጥቶላት አስፋልት ላይ የምትነዳ አይደለችም። በተዘጋ ሜዳ ላይ የምትሮጥ ናት። በፈረንጆች 1957 እንግሊዝ አገር ኮሊን ቻፕማን የሚባል ሰው ሎተስ ሰቨን የምትባል ትንሽ መኪና አወጣ። ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። ሰዎች ክፍሎቿን እየገዙ ቤታቸው ይገጣጥሟት ነበር። እሷን የመሰሉ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ወንድሜም የእሷን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ አካሏን በቱቦላሬ በየደ። ስታልቅ የቪትዝ ግማሽ ያህል ብትመዝን ነው ይላል።

ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና የሞተር ሳይክል ሞተር ይሻላል አለኝ። ትንሽ ነው፣ ካምቢዮው አብሮት ነው፣ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚህ በላይ አልገባኝም። የገባኝ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ነው። የሁለት ዓመት ዕቁቤ ሲወጣልኝ ሰጠሁት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለዚህ ልጅ ከእኔ ሌላ ማን አለው?

መከራችን ከዚያ ጀመረ። የመጀመሪያው ቦታ የሄድንበት ሰውዬ መኪናዋን ሳያይ፣ ምን ልትሠሩበት ነው ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ «ትልቁን ውሰዱ» አለን። ሌላው ጋ እኔ ጥያቄ ስጠይቅ ፊቱን ወደ ወንድሜ አዙሮ መለሰ። «አንቺ ተይው፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» አለኝ። ገንዘቡ የእኔ ነው! ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩን ሸጠልን። በአይሱዙ ጭነን አመጣነው። ቤት ስንደርስ ሽቦው በሙሉ ተቆርጧል። ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር የለም። ቁልፉ የለም። ያለ እነሱ ደግሞ አይነሳም። ተመልሼ ሄድኩ። «የገዛሽው ሞተር ነው፣ የሰጠሁሽም ሞተር ነው» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። የዕቁቤ ግማሽ እዚያ ቀረ። ወንድሜ ለአንድ ወር ያህል ከክፍሉ አልወጣም። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ልብስ ሊያስጠብብ መጥቶ ታሪኩን ሰማ። «ጠባሴ ያሉት ጋሼ ጋ ያልሄዳችሁት ለምንድን ነው?» አለኝ። በማግስቱ ሄድን። ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ እጃቸው ጥቁር በጥቁር ነው። ስለ ሞተሩ ምንም አላሉም። «መጀመሪያ መኪናዋን ልያት» አሉ። ሥራቸውን ዘግተው ቤታችን ድረስ መጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዋን ልያት ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ግቢ ገብተው ዝም ብለው ዞሯት። ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን የስፌት ሜትር «አውሺኝ እስቲ የኔ ልጅ» ብለው ወሰዱ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ጥልቀቱን ለኩ። እኔ ለሙሽራ ቀሚስ የምለካውን ያህል ተጠንቅቀው ነው የለኩት። ካርቶን ቆርጠው በልኩ ሠሩና አስገብተው አዩት። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። የሚለካ ሰው አያበላሽም።

ከዚያ ቁጭ ብለው ለሁለታችንም አስረዱን። ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ጭምር። 600 ሲሲው (ሲሲ የሞተር መጠን መለኪያ ነው) ቀላል ነው፣ ግን ጉልበቱን የሚያወጣው በጣም ሲጮህ ብቻ ነው አሉ። ሀያቡሳ የሚባለው 1,300 ገደማው ጉልበት ሞልቶታል፣ ግን ከባድ ነው፣ ከኮፈኑ በላይ ይወጣል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ለዚች መኪና ልኳ 1,000 ሲሲው ነው፣ ለምሳሌ ያማሃ አር1። ደግሞ ካርቡራተር ያለውን፣ ማለት ነዳጁን በአሮጌው መንገድ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን አትግዙ፣ በፈረንጆች ከ2002 ወዲህ የተሠራውን ፈልጉ አሉ። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። አዲሱ ለአየሩ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል፣ አሮጌው ግን ይታፈናል አሉ። ለዚህ ነው ለካ አንዳንዱ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ የሚያለከልከው!

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሃይላንድ ጠርሙስ አመጡና እስከ ሩቡ ዘይት ጨመሩበት። «ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል» ብለው ጠርሙሱን እንደ ሞተር ሳይክል አጋድመው በክብ አዞሩት። ዘይቱ ታች እንደተኛ ነው። «መኪና ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚታጠፈው» አሉና ጠርሙሱን አቁመው በኃይል አዞሩት። ዘይቱ በሙሉ ወደ ጎን ሸሸ፤ መሐሉ ባዶ ሆነ። «ፓምፑ ያኔ አየር ይጠጣል። ሞተሩም በደቂቃ ውስጥ ይነክሳል፤ ደርቆ ይቆማል» አሉ። ስለዚህ የዘይት መያዣው ውስጥ ክፍልፍል ይሠራለታል፤ ኋላም ራሳቸው በየዱት። ቀሪውን ዝርዝር ወንድሜ ይወቀው። ይህን ግን እናቴም ገባት።

ሞተሩን ብቻውን እንዳንገዛም መከሩን። አደጋ የደረሰበት፣ ግን የሚነሳ ሙሉ ሞተር ሳይክል ግዙ አሉ። ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ቁልፉ አብሮ ይመጣል። ይህን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ አይቀልጥም ነበር።

አዲስ አበባም አብረውን ወረዱ። የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል አስነሱት። ረጅም ካቻቢቴ አወጡ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጣርማበርን ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ልጆች ሆነን ወንድሜን ጋቢናው ውስጥ ታቅፌ አየው ነበር። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በማላውቀው ሰው ላይ አባቴን አየሁት።

ዓይናቸውን ገልጠው «ይሄን አንወስድም» አሉ። ሻጩ ወደ ጎን ጠርቶ ኮሚሽን ሊሰጣቸው ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ። «እነዚህ ልጆች አምነውኝ ነው የመጡት» ብለው ጥለውት ወጡ። ሁለተኛውንም አልወደዱትም። ሦስተኛውን ሰምተው ፈገግ አሉ። እሱን ገዛን። ቅዳሜ ማታ የተነሳውም እሱ ነው።

ስንት ልክፈልዎት ስላቸው የትራንስፖርታቸውን ብቻ ተቀበሉ። የብየዳውንም ኋላ ለምኜ ነው ያስቀበልኳቸው። «መኪናዋ ስትሮጥ ጥሩኝ፣ ያ ይበቃኛል» አሉኝ። ጋሼ፣ እንጠራዎታለን። ከፊት ነው የሚቆሙት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እባካችሁ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ባጃጅ ያላችሁ፣ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም ቢሆን መምጣት ያዋጣል። ሴቶችም ሂዱ፤ ጠይቁ፤ ይመልሱላችኋል። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጻፍኩም። ጠባሴ ወርዳችሁ ከቆሙት የባጃጅ ልጆች አንዱን «የሞተሩ ጋሼ የት ናቸው?» በሉት፤ ራሱ ያደርሳችኋል። እሁድ አይሠሩም። ስልክም ብዙ አያነሱም፤ በጠዋት በአካል ሂዱ።