የፕሮሶፒስ ከሰል፦ ፍሙ ሸጋ፣ ምንጩ አጠያያቂ

በአዲስ አበባ ከአንድ የከሰል መሸጫ የገዛሁት ማዳበሪያ «ከአፋር የመጣ የፕሮሶፒስ ከሰል» ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ፤ ፕሮሶፒስ በአፋር የተስፋፋ እሾሃማ መጤ ዛፍ ነው። ሻጩ «ይህን የሚገዛ ሰው አገርም ይጠቅማል» ሲል አክሎበታል፤ ከሰሉንም አባባሉንም ለየብቻ መመዘን ይገባል።

ከሰሉ በምድጃ ላይ የሚታማ አይደለም። እንጨቱ ጠጣር በመሆኑ ከሰሉም ከበድ ይላል፤ ለመያያዝ ቢዘገይም አንዴ ከተያያዘ ፍሙ ስለሚጸና፣ ቡናው ተቆልቶና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ እስኪጠጣ ድረስ መጨመር አላስፈለገኝም። ጭሱ ጥቂት ነው። ሲያያዝ ግን ይፈነጥቃል፤ ከማዳበሪያው ግርጌም ብናኝ በዝቶበታል።

«አገር ይጠቅማል» የሚለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የላቲን አሜሪካ ዛፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ታስቦ በአዋሽ ሸለቆ የተተከለ ነው። ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች ጣፋጭ ፍሬውን ይበሉታል፤ ጠንካራው ዘር ግን ሳይፈጭ ከእበታቸው ጋር ወጥቶ በየደረሱበት ይበቅላል። እሾሃማው ጥሻ ሣሩን ስለሚያጠፋው አርብቶ አደሩ ግጦሽ ያጣል፤ በአፋሩ የአላይደጌ ሜዳ የሚሰማሩት ሳላ (ኦሪክስ) እና ሊጠፋ የተቃረበው የግሬቪ የሜዳ አህያም የዚያው ሣር ጥገኞች ናቸው።

እንግዲህ ዛፉን ማክሰሉ በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግንዱ ብቻ ተቆርጦ ጉቶው ከሥር ካልተነቀለ፣ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ግንድ ያቆጠቁጥና ጥሻው ከቀድሞው የበለጠ ጥቅጥቅ ይላል። ከዚህም የሚብሰው ገበያው ሲደራ አገር በቀሉ ግራር አብሮ መቆረጡ ነው፤ በአፋር ከሰሉን እንዲያመርቱ ተፈቅዶላቸው በነበሩ ማኅበራት ላይ ቀደም ሲል የተነሣው ወቀሳም ይኸው ነበር። ጉቶው ተነቅሎ እንደሆነ፣ ግራርም ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ሻጩን ብጠይቀው፣ «እኛ ከመኪና ላይ ነው የምንረከበው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። (አልፈርድበትም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅ ይሆናል።)

ለከሰልነቱ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለተባለለት ጥቅም ግን የተመረተበትን ቀበሌና ያመረተውን ማኅበር የሚገልጽ ማስረጃ እስካላየሁ ድረስ ነጥብ አልሰጥም፤ በዚህ ስም ከተራው ከሰል የሚበልጥ ዋጋ መክፈልም አይገባም።