መኪናችሁን ዝቅ ከማስደረጋችሁ በፊት አሮጌው ሞላ የት እንደሚሄድ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው መኪናውን ለእሽቅድምድም ሳይሆን ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት ለሚነዳ ሰው ነው። የእኔም መኪና እንደዚያው ነው። ባለፈው ዓመት ሞላዎቿን (አካሏን በጎማዎቹ ላይ የሚሸከሙትን የብረት ጥቅልሎች) ቀይሩልኝ ብዬ ቁመቷን ዝቅ አስደረግኳት። ለሥራው ከተስማማንበት ዋጋ በላይ ሳንቲም አልተጠየቅኩም፤ እዚህ ላይ ባለሙያው ቃሉን ጠብቋል። ነገር ግን በሰባት ወር ውስጥ ሁለት የፊት ጎማ፣ ሁለት አሞርዛተር (የሞላውን መዝለል የሚያፍነው ክፍል) እና አንድ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ቀየርኩ። ሥራውን ለማስፈረስ የከፈልኩት ደግሞ ለማሠራት ከከፈልኩት በለጠ። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው፤ ሳልጠይቅ ከፍያለሁና። የቀረውን ግማሽ ግን ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይገዛው ልንገራችሁ።

የተሸጠልኝ ነገር በደረሰኙ ላይ ሲነበብ ደስ ይላል፦ «የስፖርት ሞላ፣ አራት፤ ዝቅታ 5 ሴንቲ ሜትር፤ የእጅ ዋጋን ጨምሮ።» ባለሙያው በቃል ሦስት ነገር ጨመረልኝ። መኪናው ሲታጠፍ አያዘነብልም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ምቾቱም ብዙ አይለወጥም። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ስረከብ አራቱም ሞላዎች ደማቅ ቀይ ሆነው በጎማዎቹ መካከል ብልጭ ይሉ ነበር። አሮጌዎቹን ስጠይቅ «ለብረት ሰብሳቢ ሰጠናቸው፤ ምን ያደርጉልሃል?» ተባልኩ። ሳቅሁ፤ እውነትም ምን ያደርጉልኛል?

ደስታዬን አልደብቅም። በጎማው እና በፓራፋንጎው መካከል የነበረው ያ ባዶ ቦታ ጠፍቶ፣ መኪናዋ መሬት የያዘች፣ የሰከነች መሰለች። አቁሜያት ስሄድ ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቻታለሁ። በለስላሳ አስፋልት ላይ መሪውን ነካ ሳደርገው ቶሎ ትታዘዝ ነበር። ዝቅ ማድረግ ምንም ጥቅም የለውም የሚላችሁ ሰው አንድም አልሞከረው ወይም ረስቶታል።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው አስፋልቱ ለስላሳ ባልሆነበት ሁሉ ነው። የፍጥነት መገደቢያ ላይ ስወጣ ከሥር አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ብረት በጎማ ተጠቅልሎ ሲመታ ዓይነት። ማታ ማታ የማደርሳቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ታግሰው በሦስተኛው «ልጄ፣ ይህች መኪና ወገቧን ታማለች፤ የእኔንም ወገብ አሳመመችው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ መሄድ ጀመሩ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ እኔ ግን «ስፖርት እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ጎማዎቹ አስገደዱኝ። አምስተኛው ወር ላይ የፊት ቀኙ ተነፈሰና ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ከውጭ ሲታይ ጎማው አዲስ ነው፤ ጥርሱ ገና ጥልቅ፣ ጠርዙ ያልተነካ። ጎሚስታው አውርዶ አዞረውና «እጅህን ወደ ውስጥ በኩል ላከው፤ ግን ቀስ» አለኝ። ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ጨርቁ ወጥቷል፤ ከጨርቁ ሥር የብረቱ ሽቦ እንደ ድመት ጥፍር ብቅ ብቅ ብሏል። ጣቴን ወጋኝ። በዚያ ጎማ ከሁለት ቀን በፊት በፈጣን መንገድ ላይ ስበር ነበር። መኪናችሁን ዝቅ ያስደረጋችሁ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባታነብቡ እንኳ ዛሬውኑ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ የፊት ጎማዎቻችሁን የውስጥ ጠርዝ ተመልከቱ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። መኪናው ዝቅ ሲል ጎማውን የሚይዙት ክንዶች አቀማመጣቸው ይለወጣል፤ ጎማው አናቱ ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ የመሪው ዘንግም ስለሚዛባ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ትይዩ መሆናቸውን ያጣሉ። ብዙ ሰው ጎማ የሚበላው ማጋደሉ ብቻ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚፈጀው ግን ትይዩነቱ መጥፋቱ ነው፤ ጎማው እየተንከባለለ ሳለ በየሜትሩ ጥቂት ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋቃልና። ስለዚህ ሞላ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ማጋደል ማስተካከል፣ ማሠራት ግዴታ ነው፤ አዲስ ሞላ ጥቂት ስለሚረግብ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ማየት ይገባል። የእኔ ደረሰኝ ላይ አላይመንት የሚል ቃል የለም። ስጠይቅ «ቀጥ ብላ ከሄደች ምን ያስፈልጋታል?» ብለውኛል። ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲዛቡ መሪው ወደ የትም አይስብም።

ጎሚስታው የሚያውቀው መካኒክ ዘንድ ላከኝ፤ ጨዋታው የተገለጠው እዚያ ነው። ሰውየው መኪናዋን በክሪክ አነሣና የኋላውን ጎማ አወለቀ። ሞላውን በሁለት ጣቱ ያዘና ወዘወዘው፤ ሞላው በመቀመጫው ላይ እንደ ላላ አምባር ዞረ። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል እንኳ ሞላ ጠበቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከዚያ የታችኛውን ጫፍ በባትሪ አበራልኝ። ፋብሪካ የሠራው የሞላ ጫፍ እንደየዓይነቱ ወይ ጠፍጣፋ ነው፣ ወይ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ወይ በመቀመጫው ቅርጽ የተለካ። የእኔው ግን በመቁረጫ ዲስክ እንደ ሸንኮራ አገዳ ተቀንጥሷል፤ የተቆረጠበት ስለት እንኳ አልሞረደም፤ በላዩ ላይ ቀይ ቀለም ተነፍቶበታል። መካኒኩ ቀለሙን በቢላዋ ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ጥቁር ወጣ፤ በጥቁሩ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ጭረት። ፋብሪካዎች አንዱን ሞላ ከሌላው ለመለየት የሚቀቧት ምልክት ናት። ለብረት ሰብሳቢ ተሰጡ የተባሉት አሮጌ ሞላዎቼ ከመኪናዬ ወጥተው አያውቁም። ተቆርጠው፣ ቀይ ለብሰው፣ በ«ስፖርት» ስም ለእኔው ለባለቤታቸው ተሸጡልኝ።

የተቆረጠ ሞላ ምን ክፋት አለው የሚል ካለ፦ የሞላ ግትርነት ከዙሮቹ ብዛት ጋር የተገላቢጦሽ ነው። 6 የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ሞላ አንዱን ብትቆርጡ ግትርነቱ በ20 በመቶ ይጨምራል፤ አንድ ተኩል ብትቆርጡ በ33 በመቶ ገደማ። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለበፊቱ ሞላ ነው፤ አዲሱን ጉልበት ማፈን ስለሚያቅተው መኪናው ከጉድጓድ በኋላ መዝለሉን ቶሎ አያቆምም። በዚህ ላይ ቦታ ይጠፋል። ጎማው ከቆመበት ወደ ላይ ሊሄድ የሚችለው 8 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስታደርጉት የቀረው 3 ነው፤ እሱም ሲያልቅ መኪናው በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ በተሰካው ትንሽ የማቆሚያ ጎማ ላይ ያርፋል። እኔ እሰማው የነበረው ደረቅ ድምፅ ያ ነው። ያ ጎማ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ነው፤ የእኔዎቹ የዕለት ተዕለት ሞላ ሆነው ሲያገለግሉ ከርመው በአምስት ወር ተፈረካክሰዋል፣ አሞርዛተሮቹም ዘይት ተፍተዋል። ሞላን በጋዝ እሳት አግለው የሚያረግቡም አሉ። ያ ከመቁረጥም ይብሳል፤ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል፣ ግራና ቀኙ በተለያየ መጠን ይረግባል።

አሁን ወደ ቃል ኪዳኖቹ። ሲታጠፍ አያዘነብልም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ክብደት ወደ መሬት ሲጠጋ መኪና የማዘንበል ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከፊት አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን የሚሸከምበት፣ ከታች አንድ ክንድ ብቻ ያለው አሠራር ነው ያላቸው። በዚህ አሠራር መኪናው የሚያዘነብልበት ምናባዊ ነጥብ አለ፤ መኪናውን አብዝታችሁ ስታወርዱት ያ ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ መፈንቅል እንጨት ይረዝማል፤ ክብደቱም በረዘመው መፈንቅል ይገፋል። ስለዚህ ከመጠን በላይ የወረደ መኪና በሞላው ግትርነት ካልተያዘ ከበፊቱ ይበልጥ ሊያዘነብል ይችላል። ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ አጎንብሳችሁ የታችኛውን ክንድ ተመልከቱ፤ በጎማው በኩል ያለው ጫፍ ከውስጠኛው ከፍ ብሎ ካያችሁት ከመጠን በላይ አውርዳችሁታል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ለከተማ ነጂ ቀልድ ነው። ዝቅ ያለ መኪና የነፋስ ተቃውሞው በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የነፋስ ተቃውሞ ግን በፍጥነት ካሬ የሚጨምር ነገር ስለሆነ ትርጉም የሚኖረው በረጅም ፈጣን መንገድ ላይ ነው። መብራት ላይ እየቆመ ለሚነሣ ሰው ነዳጁ የሚያልቀው በመነሣቱ ነው።

በማስታወቂያ ላይ የማይጻፉ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የመኪናዋ የራሷ ክሪክ ጎማ ተንፍሶ ሳለ ከሥሯ አልገባ አለኝ፤ ጣውላ ፈልጌ ጎማውን ላዩ ላይ ነድቼ ነው ያነሣኋት፣ በሌሊት። የፊት መብራት ዝቅ ካለ ብርሃኑ የሚደርስበት ርቀት ያጥራል፤ ከኋላ አብዝቶ ከወረደ ደግሞ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ፊት ለፊት ካሜራ ወይም ራዳር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ከፍታቸው ሲለወጥ መሣሪያዎቹ እንደገና መስተካከል ሊኖርባቸው ይችላል። ኢንሹራንሳችሁንም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያልተነገረው ለውጥ በአደጋ ቀን ላለመክፈል ምክንያት ሊሆነው ይችላል።

መካኒኩ ያሳየኝን አንድ ሌላ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጨምር። ክንዶቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዙባቸው ቡሾች (ንዝረት የሚያፍኑ የላስቲክ ቀለበቶች) ብሎናቸው መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማዎቹ ላይ በክብደቱ ቆሞ ሳለ ነው። የእኔዎቹ መኪናዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ነበር የጠበቁት። ስትወርድ ቡሾቹ ተጠምዝዘው ቀሩ፤ እንደተጠመዘዙ ውለው አድረው ተቀደዱ። ይህ ትርፍ ወጪ እንኳ የሌለው፣ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ዝቅ ማድረግ ራሱ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። ለዚያው መኪና ሞዴል የተሠራ፣ መለያ ቁጥሩ በላዩ የታተመበት ሞላ፣ ከሱ ጋር የሚስማማ አሞርዛተር፣ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ፣ ከዚያ አላይመንት፤ እንዲህ ከተሠራ የዕለት ተዕለት መኪና ብዙ ሳይቸገር ይኖራል። ቁመቱ የሚስተካከል ሙሉ ስብስብም አለ፤ ርካሹን ከገዛችሁ የማስተካከያው ጥርስ በአንድ ክረምት ዝጎ ስለሚነክስ ሁለተኛ አታስተካክሉትም። ለሥራ መኪና ዋጋው ያዋጣል ወይ ካላችሁኝ እኔ አያዋጣም ባይ ነኝ። ዓይን ግን የራሱ ፍላጎት አለው፤ ያንንም አውቀዋለሁ።

ለማሠራት የቆረጠ ሰው ሞላው ከመገጠሙ በፊት በእጁ ይያዘው፣ ሁለቱንም ጫፍ ይይ፣ የታተመውን ቁጥር ፎቶ ያንሣ። የእጅ ዋጋው አላይመንትን እንደሚጨምር በጽሑፍ ያስፍር። አሮጌዎቹን አራት ሞላዎች ደግሞ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ጭኖ ይሂድ፤ ባይፈልጋቸውም።

እኔ በመጨረሻ ያው ቢጫ ጭረት ያለባቸው ያገለገሉ ሞላዎች ፈልጌ አስገጠምኩና መኪናዋ ወደ ቁመቷ ተመለሰች። የተቆረጡትን ይዤ ወደ ባለሙያው ሄድኩ። መጀመሪያ ካደ፤ የተፋቀውን ቀለም ሳሳየው «ስፖርት ያልኩህ ጠባዩን ነው እንጂ አዲስ ነው አላልኩም» አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ የሞላዎቹን ዋጋ ሊመልስልኝ ተስማማ፤ የጎማዎቹን ግን አልሰማም አለ። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ሞላዎቹን እዚያው እንድተውለት። ቀለማቸው ከተፋቀችው ቦታ በቀር ገና ደህና ነበር። ይዣቸው ወጣሁ።