ለፒያኖ ቁልፍ የሱፍ ቡሽንግ ወይስ ተራ ፌልት? ሐዋሳ ላይ ለሚጠግኑ

ሲጫኑት ወደ ጎን የሚወዛወዝ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚፋተግና ቀጭ ቀጭ የሚል የፒያኖ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቡሽንጉ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚለጠፈው ጨርቅ፣ አልቋል። ሐዋሳ ላይ የሚጠግን ሰው ወይ ለፒያኖ ተብሎ የተሸመነውን የሱፍ ጥብጣብ ያስመጣል፣ ወይ ከጨርቅ ሱቅ ሰው ሠራሽ ፌልት ገዝቶ ይቆርጣል። ሱፉ ይወደዳል፤ ቢሆንም የሚገዛው እሱ ነው። ሱፍ ተጨምቆ መልሶ ይነሳል። ፌልቱ ግን ስላልተሸመነ ፒኑ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የብረት ዘንግ) ሲፈትገው ይበጣጠሳል። ከዋጋው ሌላ ከሱፍ የሚሻልበት ነገር ብል አለመብላቱ ብቻ ነው።

አንድ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። እያንዳንዱ ቁልፍ መሐሉና ፊቱ ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳውም ሁለት ጎን ስላለው ሥራው 352 ቁራጭ ይፈልጋል። ለቁራጭ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብትይዙ ከ5 እስከ 7 ሜትር ይሆናል፤ የሚበላሽም ስላለ 8 ሜትር እዘዙ።

ገንዘብ የሚባክነው ውፍረቱ ላይ ነው። አሮጌው ጨርቅ ስላለቀ እሱን ለክቶ ማዘዝ ያሳስታል። ቀዳዳውን ባዶ አድርጋችሁ በካሊፐር ለኩ፣ የፒኑን ውፍረት ቀንሱ፣ የቀረውን ለሁለት አካፍሉ። ቀዳዳው 6.1፣ ፒኑ 3.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለየጎኑ 1.2 ይደርሳል። ሱፉ በሽብልቅ ሲጫን ስለሚሳሳ ከዚህ ትንሽ ወፈር ያለው ይሻላል።

የመጫኛ ሽብልቆቹ ከጨርቁ እኩል ወሳኝ ናቸው፤ ሙጫው እስኪይዝ የፒኑን ቦታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ከፒኑ በጥቂቱ የሚወፍሩ ይሁኑ። የመሐሉ ፒን ክብ፣ የፊቱ ሞላላ ስለሆነ ሁለት ልክ ያስፈልጋል፤ አንድ ልክ ብቻ የያዘ ኪት አትግዙ።

ለማጣበቅ ከቆዳ የሚሠራው ትኩስ ሙጫ ይመረጣል፤ ወደፊት በእንፋሎት ይለቃል። የአናጢ ነጭ ኮላ ግን ጨርቁን አልፎ ያደርቀዋል፣ ቁልፉም እንደገና መንኳኳት ይጀምራል። አሮጌውን ጨርቅ ስታነሱ በእንፋሎት አርጥባችሁ በወረንጦ ሳቡት። በቢላ መፋቅ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የለካችሁት ውፍረትም ዋጋ ያጣል። የራሰው እንጨት አብጦ ስለሚቆይ አዲሱን ከማጣበቃችሁ በፊት አሳድሩት።

ጨርቅ ሳይቀይሩ የፊቱን ሞላላ ፒን አዙሮ ውዝወዛውን ማጥፋት የተለመደ አቋራጭ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ከዚያ የፒኑ ጠርዝ የቀረውን ጨርቅ ይቆርጠዋል። ፒኖቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ዝገታቸውም ይወልወል፤ በዛገ ፒን ላይ አዲስ ሱፍ ቶሎ ያልቃል።

ቁልፉን መልሳችሁ ስታነሱትና ስትለቁት በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት፤ ወደ ጎን የሚኖረው ክፍተት ለጣት በጭንቅ የሚሰማ ይሁን። ከጠበቀ ጨርቁን ለዚሁ በተሠራ ትይዩ መንጋጋ ባለው ፒንሳ ጨመቅ አድርጉት፤ ተራ ፒንሳ እንጨቱን ይሰነጥቃል። በበጋ የገጠማችሁት በዝናብ ወራት እንጨቱም ሱፉም እርጥበት ጠጥተው ይጠብቃል። ስለዚህ በበጋ ስትገጥሙ ክፍተቱን ትንሽ ላላ አድርጉ፣ ዝናቡ ሲገባም የሚይዙትን ቁልፎች ብቻ ደግማችሁ አላሉ።