ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

የደረጃ 4 ነርስ ነኝ፤ ከዲግሪ በታች ያለው የቴክኒክና ሙያ ደረጃ ማለት ነው። ዘጌ አካባቢ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ዲግሪ ልያዝ ብዬ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ በዊኬንድ ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። የተሸወድኩበትን መንገድ ግን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ በማለዳ በጀልባ እመጣለሁ። ማዕበል ያለ ቀን ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ነው። ለምዝገባ 1,500፣ በወር 1,800 ብር። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ከረምኩ።

የመጀመሪያ ቀን ቢሮ ውስጥ በመስታወት የተሰቀለ የእውቅና ደብዳቤ አሳዩኝ። ማህተም አለው። «ነርሲንግ» የምትለዋን አየሁና ቦርሳዬን ከፈትኩ። ከሥሯ ያለችውን መስመር ያነበብኳት ዘንድሮ ነው፤ «በደረጃ 4» ትላለች! የሚያናድደው፣ ወረቀቱ ፎርጅድ አይደለም። የክልሉ የቴክኒክና ሙያ መሥሪያ ቤት የሰጠው ነው። ለግል ኮሌጅ የዲግሪ እውቅና የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እሱም በጅምላ አይሰጥም፤ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ፣ ያውም በጊዜ ገደብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ግቢ አለው ማለት የባሕር ዳሩ አለው ማለት አይደለም።

ደግሞ መጠርጠር ነበረብኝ። የተግባር ክፍሉ አሻንጉሊት ግራ ክንድ የለውም። መርፌ የምንለማመደው ስፖንጅ ላይ ነው። «ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይስ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው ለተግባር የምንወጣው?» ብዬ ስጠይቅ «አንቺ እየሠራሽ አይደል? ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ አጽፊ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈቃድ ከመለመን ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እውቅና የሌለው ፕሮግራም ደግሞ ተማሪውን ለፈተናው ማስመዝገብ አይችልም። ያለ ዲግሪው የዲግሪ ነርስ የሙያ ፈቃድ አይታሰብም።

ብሬን መልሱ ስል «ደረሰኝ አምጪ» ተባልኩ። አወጣሁ። በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው፣ «የአገልግሎት» ብቻ የሚል ብጣሽ ወረቀት።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደብዳቤውን ፎቶ አንሱ። ዲግሪ ይላል? ባሕር ዳር ይላል? ጊዜው አላለፈም? ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁ። ክፍያችሁንም በባንክ፣ በኮሌጁ ስም አድርጉ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ካሏችሁ የለም ማለት ነው።

እኛንም አሁን እንደዚያው ነው የሚሉን። የክፍሌ ልጆች ግማሾቹ አምነው የዚህን ወር ከፍለዋል።